ጳጉሜን 5 ሮም ላይ

ከመነሣታችን በፊት

አባቴ የሮምን ስም በልባቸው የያዙት በ8 ዓመታቸው ነው። 1953 ዓ.ም. በጠባበት ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለው የአያቶቼ ግቢ ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ፣ አንድ ጎረቤት ሬዲዮ ካለው ሰው የሰማውን ይዞ ከከተማ ደረሰ። አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በጣሊያኖቹ ዋና ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለሙን ሁሉ ቀደመ። ወታደሩ አበበ ቢቂላ ነበር። የተወለደባት ጃቶም ከዚያው ከደብረ ብርሃን የማትርቅ መንደር መሆኗ ሲሰማ፣ ደስታው የቅርብ ዘመድ ሰርግ መሰለ ይላሉ። ውድድሩ፣ የኦሊምፒኩ ማራቶን፣ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሲመሽ ነው።

አባቴ ወደ 40 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጡ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአገር ወጥተው አያውቁም። አምና አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ መንገዱን ብቻ ባየው» አሉኝ። የትኛውን መንገድ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ስለዚህ ጉዞውን ማሰናዳት የጀመርነው ከሚታዩ ነገሮች ዝርዝር አይደለም፤ ከቀኑ ነው። ጳጉሜን 5 ማታ፣ አበበ በገባበት ሰዓት፣ የማራቶኑ ማብቂያ በነበረው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር መቆም አለብን። ሌላው በዚያ ዙሪያ ይሰካል። አባቴ የሮምን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በቀይ እስክሪብቶ የማራቶኑን መስመር አሰመሩ፤ ከዚያ ለመስመሩ የሚቀርበውን አስቀረን፣ የራቀውን ሰረዝን። ያለን 5 ቀን ነው። ከተማይቱ ደግሞ ከ2,700 ዓመት በላይ የተደራረበባት ናት። በቀን ከሁለት ቦታ በላይ ላለመያዝ ተስማማን። ያን ያልኩት ለአባቴ ጉልበት አስቤ ነበር፤ እዚያ ስደርስ ግን ለእኔም ዓይን የሚበቃው ያ ብቻ እንደሆነ አየሁ።

ቪዛው ያስጨነቀኝን ያህል አልከፋም። የሸንገን (ጣሊያንን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር ነው። እኛ 3 ወር ሲቀረን ገባን። ክፍያው ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ የባንክ መግለጫ፣ የማረፊያ ማረጋገጫ፣ የደርሶ መልስ በረራ፣ ለእኔ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ለእርሳቸው የጡረታ ማስረጃ አቀረብን። አባቴ በዚህ ላይ የሚታየውን ሁሉ ቀን በቀን፣ ለምን እንደሚታይም ጭምር፣ በአንድ ገጽ በእጃቸው ጻፉና አስተርጉመን አያያዝነው። ማንም አልጠየቀንም፤ ግን ያቺ ገጽ የረዳችን ይመስለኛል። በሦስተኛው ሳምንት ፓስፖርታችን ቪዛው ተለጥፎበት መጣ።

አንድ ነገር ለሚሄድ ሁሉ ልንገር። የኮሎሲየም፣ የጥንቱ የሮማውያን ትልቅ የትርዒት ስታዲየም፣ ትኬት ስም የተጻፈበት ስለሆነ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን የግድ ይጠይቃል። ፓስፖርታችሁ ላይ በየትኛው ቦታ የትኛው ስም እንደሰፈረ አይታችሁ እንዳለ ገልብጡት። እኔ በልማድ እንደምንጽፈው ሞልቼ ነበር፤ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል ሲያመሳክሩ በአያቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ አገኙ። ደግሞም 18 ዩሮ የሆነውን መግቢያ አንድ አገናኝ ድረ ገጽ ከእጥፍ በላይ ሊሸጥልኝ ነበር። የቦታው አስተዳደር ትኬቱን የሚለቀው 30 ቀን ሲቀር ነውና ቀኑን ጠብቆ ከራሱ መግዛት ነው።

ከዚህ በታች የታሪክ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የጉዞአችንን ቀናትና ሰዓት በእኛው ጽፌአለሁ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ሌሊቱን በረን ጠዋት ፊውሚቺኖ አረፍን። ሮም በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ 1 ሰዓት ወደኋላ ናት። ከአየር ማረፊያው ቴርሚኒ ጣቢያ ድረስ ሳይቆም የሚሄደው ባቡር 14 ዩሮ ያስከፍላል፤ 32 ደቂቃ ይፈጃል። አባቴ መስኮቱን አልለቀቁም። ከጣቢያው ወጥተን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ምልክቱን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ፌርማታ!» ከዚያ ወዲያ አላቆሙም። ጎማ የሚጠግነው ቤት ላይ «ጎሚስታ» የሚል ተጽፏል። ቡና ቤቱ ውስጥ ያለው ባንኮኒ እዚህም ባንኮኒ ነው፤ ማኪያቶውም ማኪያቶ። ወረራው ያመጣውን ሁሉ ሕዝባችን ገፍቶ ሲያስወጣ እነዚህን ቃላት ግን የራሱ አድርጎ አስቀርቷቸዋል። አባቴ በየመንገዱ ሲያገኟቸው ከድሮ ተማሪዎቻቸው ጋር የተገናኙ ይመስሉ ነበር። (ቡናውን ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል።)

ማረፊያችንን ቴርሚኒ አካባቢ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። ሻንጣ እየጎተተ የሚያልፈው ሕዝብ ቁጥር ስፍር የለውም፤ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚያውቀው ግን ጥቂት ይመስለኛል። ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሰው የጣሊያን ጦር መታሰቢያ ነው። አባቴ አደባባዩ መሐል ቆመው ለአንድ አፍታ ዝም አሉና «አሉላን ሳይጠሩ አደባባዩን ሰየሙት» አሉ።

ከዚያ ጥቂት ራመድ ብሎ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ዛፍ ካለባት ጠባብ ቦታ ላይ የዶጋሊ ሐውልት ቆሟል። ጫፍ ላይ ያለው ድንጋይ ራሱ ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ራምሴስ ሐውልት ነው። እኛን የወሰደን ግን ሌላ ነገር ነው። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የተተከለው እዚህ ሥር ነበር። በጁን 1938 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ከኤርትራ የሄደ ወጣት አስተርጓሚ ያንን አንበሳ እዚህ ሲያየው ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት ሲመጡ ሰይፉን መዘዘ ይባላል። ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1945 እዚያው ጣሊያን ውስጥ፣ እንደታሰረ ሞተ። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት ቆሟል። ሥሩ ብዙ ጊዜ ታክሲ ጠብቄአለሁ፤ የት ደርሶ እንደመጣ እንዲህ አስቤ አላውቅም ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ሳንድዊች ይበላል፤ ርግቦች ፍርፋሪውን ይለቅማሉ። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ኮሎሲየም። ትኬታችን 9:30 ይላል፤ በእኛ ጠዋት 3:30 ማለት ነው። ሰዓቱን ቀድሞ መድረስ ይሻላል፤ ፍተሻው ረጅም ነው። ንጉሥ ቬስፓስያኖስ አስጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. መርቆ የከፈተው ይህ ሕንፃ ከፎቶው ይከብዳል። አባቴ ብዙም አልወደዱትም። «ሰው ከአውሬ ጋር እያታገሉ የሚያዩበት ነው፤ ግንባታውን አደንቃለሁ፣ ሥራውን አልወድም» አሉ። እኔ በድንጋዮቹ መካከል ያሉትን ቀዳዳዎች ሳይ ቆየሁ። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘውን ብረት በኋላ ዘመን ሰዎች እየፈለፈሉ ወስደውታል።

ከዚያ በፎሩሙ፣ በጥንቱ የሮማውያን አደባባይ፣ በኩል ወደ ቲቶ ቅስት ወጣን። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን አፍርሰው የቤተ መቅደሱን ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ ተሸክመው ሲገቡ ተቀርጿል። በመጽሐፍ ያነበብኩት መቅረዝ ድንጋይ ላይ፣ ያውም ራሳቸው የወሰዱት ሰዎች እጅ ባበጀው ቅርጽ ሳየው ጉሮሮዬን ያዘኝ።

የቆስጠንጢኖስ ቅስት ከኮሎሲየም ጎን ነው፤ ላለማየት ካልታገሉ በቀር ይታያል። አባቴ ታገሉ። ከኮሎሲየም ስንወጣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ክንዴን ይዘው አለፉ። «ነገ ወዲያ፤ በሰዓቱ» አሉኝ።

ሙቀቱ ጸንቶ ነበር። ሮምን ከምወድላት ነገር አንዱ ውኃዋ ነው። «ናዞኒ» የሚሏቸው ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ፣ ቀን ከሌት የሚፈሱ የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች ወደ 2,500 ይጠጋሉ ይባላል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ነጻ ነው። አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል። አባቴ እንደ ጸበል ፊታቸውን ረጩት።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ቫቲካን የሄድነው ለአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1479 ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ ከእኛና ከግብፅ ለሚመጡ መነኮሳት ማረፊያ አድርገው ሰጧት። ከዚያ ወዲህ እየሩሳሌምን ተሳልመው በእግርና በመርከብ ሮም የደረሱ የአገራችን መነኮሳት እዚህ አድረዋል፤ አንዳንዶቹም እዚሁ ተቀብረዋል። አንድ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን የመነኮሳቱን ዜማ ሰምቶ ቋንቋቸውን ከእነርሱ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ መሣሪያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ መነኩሴ ከጓዶቻቸው ጋር ሆነው አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1649፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ወጣት ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ መጥቶ ከአማራው አባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘው እዚህ ነው። ከዚያ ወዳጅነት በኋላ ሉዶልፍ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አወጣ።

ይህን ሁሉ አባቴ ባዚሊካው ለመግባት ስንሰለፍ ነው የነገሩኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ዓመቱ፣ 2025፣ የካቶሊኮች ኢዮቤልዩ ስለነበር በየ25 ዓመቱ የሚከፈተው ቅዱስ በር ክፍት ነበር፤ ምእመናን መስቀል ተሸክመው እየዘመሩ ያልፉ ነበር። ባዚሊካው መግቢያ አይከፈልበትም። ትከሻና ጉልበት የሸፈነ ልብስ ግን ግድ ነው፤ እኔ ነጠላዬን ይዤ ስለነበር አላስቸገረኝም። አባቴ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ሁሉም ተጫምቶ እንደሚገባ ሲያዩ ቀና አሉ።

ቤተ ክርስቲያኗ ያለችበት ቅጥር ለማንም መንገደኛ ክፍት አይደለም። ያለ አስጎብኚ ለማየት ያለው መንገድ ከላይ፣ ከጉልላቱ ነው። ወደ ጉልላቱ ጫፍ 551 ደረጃ አለ፤ በአሳንሰር ከተጀመረ 320 ይቀራል። አባቴ «አንቺ ውጪና እይልኝ» ብለው ከታች ቀሩ። የመጨረሻው መውጫ ግድግዳው ከጉልላቱ ጋር እየዘመመ ስለሚሄድ ሰውም አብሮ ዘሞ ነው የሚወጣው። ጫፍ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ወደ አደባባዩ ፊት ሲጎርፍ እኔ ወደ ኋላው ዞርኩ። የቫቲካን አትክልት ሥፍራ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ከባዚሊካው ጀርባ ሥር፣ በትልልቆቹ ሕንፃዎች መካከል ዝቅ ብላ፣ የሸክላ ጣሪያዋ ይታያል። ራቅ ብሎ ኮረብታው ላይ ከ1919 ጀምሮ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፤ ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ ብቸኛ ኮሌጅ ነው።

ወርጄ ያየሁትን ስነግራቸው አባቴ «ጣሪያዋ ምን ዓይነት ነው? ዛፍ አላት?» እያሉ እንደ ፈተና ጠየቁኝ። ከዚያ ማስታወሻቸውን አውጥተው የነገርኳቸውን ሣሉ። አጠገባችን ያለ ማንም አላወቀም፤ እኔ ግን ይህን የማስነብብበት ቋንቋ ሰዋስው የተወለደው በዚያች ጣሪያ ሥር ከተገናኙ ሁለት ሰዎች መሆኑን ሳስብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሙዚየሙን ተውነው። የሲስቲኑን ጸሎት ቤት የሚመኝ ሰው አስቀድሞ ትኬት ይያዝ፤ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ መሆኑንም አይርሳ።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

ጾም ነውና ቁርስ ዳቦና ቡና ሆነ። ምሳ ላይ ግን ጣሊያኖች ሳያውቁት የጾም ምግብ እንዳላቸው አወቅን፤ ማሪናራ የምትባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ናት፤ ቺዝ የላትም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም መንገደኛ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ጠዋት በ118 ቁጥር አውቶቡስ ወደ አፒያ ጥንታዊ መንገድ ሄድን። ማራቶኑ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ደረጃ ሥር ተነሥቶ በካራካላ መታጠቢያ በኩል ወጥቶ፣ በክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ጎዳና ርቆ ሄዶ፣ ሲመለስ በዚህ በአፒያ ነው የገባው። ያኔ መሽቶ ነበር፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር ያበሩለት። አፒያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረ መንገድ ነው። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈበት ክፍል አሁንም አለ፤ ድንጋዮቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጋሪ ሲያልፍባቸው ኖሮ ሰርጉደዋል።

በመንገዱ ዳር «ጌታ ሆይ፣ ወዴት ትሄዳለህ» የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጴጥሮስ ከሮም ሲሸሽ ጌታን ያገኘበት ነው ይላሉ። ውስጧ በድንጋይ ላይ የሁለት ባዶ እግር ዱካ አለ፤ ቅጂ ነው፤ ዋናው በቅዱስ ሰባስቲያኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። አበበ በዚህች ደጅ ላይ ነው ያለፈው።

ልናገር። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ጀምሮ አባቴ እዚህ ሲደርሱ ጫማቸውን የሚያወልቁ መስሎኝ ነበር። ፎቶ ላነሳቸውም አስቤ ነበር። ድንጋዩ ላይ ስንደርስ «አባዬ፣ ጫማዎን ያወልቃሉ?» አልኳቸው።

«ለምን?»

«እንደ አበበ…»

መንገዱ ዳር ባለ የድንጋይ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው ነው የመለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ እስከ ሰባተኛ ክፍል በባዶ እግሬ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ ውርጩ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቂዋለሽ። ጫማ ስላልነበረኝ ነው እንጂ ለክብር አይደለም። አበበም ጫማ ሰጥተውት ነበር፤ አልተመቸውም፤ በባዶ እግሩም ሲለማመድ ስለኖረ እንደለመደው ሮጠ። ሰዉ እግሩን እያየ ይደነቃል። እኔን የሚደንቀኝ ጭንቅላቱ ነው፤ የት ላይ እንደሚቀድም አስቀድሞ አስቦ ጨርሶ ነበር።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ጥቁሩን ድንጋይ ዳሰሱ፤ እንደ ከብት ጀርባ ወዲህ ወዲያ አሻሹት። «ለስላሳ ነው» አሉ። «ይህስ ለለመደ እግር አይከፋም።»

ፎቶውን አላነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፖርታ ካፔና መጣን። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ያለው ይህ መንገድ ላይ ከ1937 እስከ 2003 የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። 24 ሜትር፣ 160 ቶን። ሕንፃው ያኔ የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልሰው ፈርማ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አቆየችው። በ2002 መብረቅ መታው፤ በኋላ ተነቅሎ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ቦታው ላይ ቆመ። አሁን እዚያ ያሉት ሁለት ጥንታዊ አምዶች ናቸው፤ የሴፕቴምበር 11 ሙታን መታሰቢያ።

አበበ በ1960 ሲያልፍ ግን ሐውልቱ እዚሁ ነበር። ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድመው መንገዱን ሲያዩ ይህችን ቦታ ምልክት አድርገዋት ነበር ይባላል፤ ከዚህ እስከ ማብቂያው አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን መጥተው ሐውልቱ ጋ ሲደርሱ ትቶት ሄደ። ከአገሩ የተዘረፈውን ድንጋይ አይቶ ነው የተፈተለከው ይባላል።

አባቴ ሐውልቱን በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. አክሱም ሄደው አይተውታል። ባዶው ቦታ ላይ ቆመው ሰማዩን ወደ ላይ አዩ፤ ቁመቱን በዓይናቸው ለኩት። መኪናው ይተራመሳል። «ባዶነቱ ደስ ይላል» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

11:30 ላይ ካምፒዶሊዮ ደረጃ ሥር ነበርን፤ ውድድሩ በተነሣበት ሰዓት። እርሱ 42 ኪሎ ሜትር ሲዞር እኛ በቀጥታ ቀስ ብለን ወደ ማብቂያው ለመሄድ ሁለት ሰዓት ከሩብ አለን፤ ጊዜውን ሆን ብለን ነው ያስተካከልነው። በየመሐሉ አረፍን። አባቴ ሰዓታቸውን እያዩ «አሁን ኮሎምቦ ጎዳና ላይ ነው፤ አሁን አፒያ ገብቷል» ይሉኛል። የሳን ግሬጎርዮ ጎዳና ላይ ስንደርስ ጨለም ብሎ መብራቱ በርቷል።

ቅስቱን ያን ጊዜ አዩት። በ315 ለቆስጠንጢኖስ ድል የቆመ ነው፤ በ2024 መብረቅ መትቶት ድንጋዮች ወድቀውበት ነበር። መካከለኛው ቅስት ሥር ብርሃኑ ቢጫ ነው። 1:45 ሲሆን፣ አበበ በገባበት ደቂቃ ገደማ፣ አባቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፤ ራዲ 25 ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ገባ። አበበ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። አባቴ ከሰዓታቸው ላይ 25 ሴኮንዱን ቆጠሩት። ረጅም ነው። ቆማችሁ ብትቆጥሩት ታውቁታላችሁ፤ ሰው ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ ነው።

አንድ ወጣት ጥንድ ሠርገኛ ፎቶ ይነሳል፤ ሕፃን በብስክሌት ይዞራል። በ2010 ለ50ኛው ዓመት መታሰቢያ በተደረገው የሮም ማራቶን ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ሮጦ አሸንፎ እንደነበር ነገርኳቸው። «እሱስ ይሁን፤ ወጣት ነው» አሉ።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

እንኳን አደረሰን። ጠዋት ቅዱስ መስቀል ዘኢየሩሳሌም ወደምትባለው ባዚሊካ በእግራችን ሄድን፤ ከቴርሚኒ ሩቅ አይደለም። በቆስጠንጢኖስ እናት በንግሥት እሌኒ ቤተ መንግሥት ላይ የተሠራች ናት፤ ከመስቀሉ ግማድ የሚባለው ስብርባሪ በውስጧ ይገኛል። ደመራ ሊበራ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት በልጁ ቅስት፣ ዛሬ በእናቲቱ ቤት። አባቴ ብዙ ጸለዩ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ወደሆነው ክብ ጥንታዊ ሕንፃ፣ ወደ ፓንቴዎን፣ ለ5 ዩሮ ገብተን ጉልላቱን አየን፤ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉም እንዲሁ። ጣሪያው መሐል ክፍት ነው፤ ዝናብ ይገባል፤ ወለሉ ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ያደግንበት ስለሆነ እንግድነት አልተሰማንም። ትሬቪ ፏፏቴ ጋ ሰዉ በዝቶ ከሩቅ አይተን ተመለስን።

ምሳ ቴርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ዶሮ ወጥ በላን። ባለቤቷ ዕጣን አጭሳ፣ ወለሉ ላይ ሣር ጎዝጉዛ ጠበቀችን። ሣሩን ከየት እንዳገኘች ጠየቅኋት፤ ከመናፈሻ ለምና እንዳመጣች ነገረችን። ሰላሳ ዓመት ኖራለች። አባቴ ትናንት የት እንደነበሩ ሲነግሯት ማማሰያዋን አስቀምጣ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ማታ ወደ አየር ማረፊያው በሚሄደው ባቡር ውስጥ እናቴ ደወለች። ልጄ ከጎኗ ነበር፤ 9 ዓመቱ ነው፤ «አያቴ፣ ምን አየህ?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ የናፕኪን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና፣ ልጁ የሚያያቸው ይመስል፣ በእስክሪብቶ መስመር እያሰመሩ ጀመሩ፦ «ስማ። ከደረጃው ሥር ተነሣ። ወደ ቀኝ ዞረ…» ባቡሩ ፊውሚቺኖ ሲገባ ገና አፒያ ላይ ነበሩ።